የኮርማው ታንክና የእኛ ደም

ሀብሩ ውስጥ ላም ያስደቀለ ገበሬ ያቺን የናይትሮጅን ታንክ ያውቃታል። አዳቃይ ባለሙያው ክዳኗን ሲከፍት ጭስ የመሰለ ነገር ቡልቅ ይላል። ውስጧ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። ከቃሊቲ የመጣው የኮርማ አባለዘር እዚያ ውስጥ ዓመታት ቢቀመጥ አይበላሽም።

የሰው ደም የሚፈልቅበት ግንደ ህዋስም ለንቅለ ተከላ የሚቀመጠው በዚሁ ናይትሮጅን ነው። በደቂቃ 1 ዲግሪ ያህል ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፤ በረዶ ህዋሱን እንዳይሰነጥቀው ደግሞ መከላከያ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ዘዴው ራሱ ከእንስሳት ነው የመጣው፤ በ1949 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የአውራ ዶሮ ዘር በግሊሰሪን ቀዝቅዞ ሲተርፍ ነው በሩ የተከፈተው።

ስለዚህ "ይሄ የሀብታም አገር ነገር ነው፣ መብራት እንኳ የለንም" የሚለኝን ሰው አልሰማውም። በጦርነቱ ወልዲያና መርሳ ለወራት ያለ መብራት መክረማቸውን የምንረሳ አይደለንም። ታንኩ ግን ሶኬት አይፈልግም፤ ሳይጎድል መሙላት ነው። (መሙላቱም ቢሆን መንገድ ሲዘጋ ፈተና ነው፣ እሱን አልክድም።)

እንዲያውም እኔን ብትጠይቁኝ ማቀዝቀዙ ቀድሞ የሚያስጨንቀን ጉዳይ አይደለም። ማልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የደም ካንሰር ያለበት ሰው የራሱ ግንደ ህዋስ ከደሙ ይለቀምለታል፣ ከባዱን መድኃኒት ይወስዳል፣ ከዚያ ህዋሱ ይመለስለታል። ይሄ በሁለት ሦስት ቀን ካለቀ ተራ የደም ባንክ ፍሪጅ ይበቃል። ሜክሲኮ ውስጥ እንዲህ ይሠራሉ። ውድ የሚሆነው ሌላው ነው፦ መልቀሚያው ማሽን፣ ከኢንፌክሽን የተጠበቀው ክፍል፣ የሠለጠነች ነርስ፣ ደግሞም ፕላትሌት። ፕላትሌት ከ5 ቀን በላይ አይቆይም፤ ያለ ደም ለጋሽ የሚሆን ነገር የለም።

ሉኪሚያ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው መቅኔ ያስፈልጋል። በዓለም መዝገብ ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ለጋሽ አለ፣ የአፍሪካ ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። እኛ ያለን ቤተሰብ ነው። አንድ ወንድም ወይ እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። አምስት ካሉህ ቢያንስ አንዱ የመግጠሙ ዕድል ወደ 75 በመቶ ይጠጋል። የወሎ ቤት ደግሞ አምስት ልጅ አያጣም!

ንቅለ ተከላው ወልዲያ ላይ ይሁን አላልኩም። ግን የወንድምና የእህት ደም እዚሁ ተቀድቶ ለምርመራ ይላክ፣ ክትትሉም እዚህ ይሁን። በየጊዜው ለህንድ ሕክምና የሂሳብ ቁጥር እየለጠፍን እናዋጣለን፤ ከዚያ ጎን ለጎን ይሄንንም ከጤና ቢሮ እንጠይቅ።