የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም በየትኛው ዲስክ ላይ ይቀመጥ?

ነጋዴ ለቢሮው ኮምፒዩተር በሚገዛበት ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ይይዛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከመጋዘን ልማድ የመጣ ስለሆነ የሚያስነቅፍ አይደለም። ዳሩ ግን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለሚባለው፣ ይኸውም እንደ ዊንዶውስ ላለው ኮምፒዩተሩን አስነሥቶ ለሚያዘው ፕሮግራም ዲስክ ሲመረጥ መለኪያው ይህ ሊሆን አይገባም። የእኔ አሳብ ፕሮግራሙ በትንሽና በፈጣን ዲስክ፣ የንግዱ ሒሳብ ደግሞ በሌላ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የሁለቱን ዲስኮች ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሃርድ ዲስክ የሚባለው የቆየው ዓይነት እንደ ሸክላ ማጫወቻ የሚሽከረከር ሳሕንና በላዩ የሚመላለስ ክንድ ያለው መሣሪያ ነው። ዘሩ የሚቆጠረው አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ካወጣው፣ 50 ሳሕኖች ከነበሩትና 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ ይይዝ ከነበረው ግዙፍ መሣሪያ ነው። የዛሬው በመዳፍ የሚያዝ ቢሆንም የአሠራሩ መሠረት ያው ነው። ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ ክንዱም አንዱን ጽሑፍ ፈልጎ እስኪያገኝ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ይህ ለአንድ ደብዳቤ ምንም አይደለም። ነገር ግን ዊንዶውስ በሚነሣበት ጊዜ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎችን ከየቦታው ስለሚለቅም፣ ክንዱ ሲመላለስ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ዓይነት ግን የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ያንኑ ፍለጋ ከ1 ሚሊ ሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ይፈጽመዋል።

በምሠራበት ቤት 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒዩተር የተገዛው ሻጩ «ሰፊ ነው» ስላለን ነበር። ጠዋት ጠዋት ማሽኑ እስኪነሣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ አሠሪዬ ለእንግዳ ቡና የማዘዝ ልማድ ያመጡትም ያን ጊዜ ነው። የከፋው ግን በኋላ መጣ። አንድ ቀን ዊንዶውሱ አልነሣም ቢል የተጠራው የጥገና ሠራተኛ ዲስኩን በሙሉ ደምስሶ እንደ አዲስ ጫነው፤ የ7 ወር የዱቤ መዝገብም አብሮ ጠፋ። እርሱን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጉደል ነው፤ መዝገቡን ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ ዲስክ ላይ ያስቀመጥሁትና ቅጂ ያላስቀረሁት እኔ ነኝ። ከወረቀት ደረሰኝ እየለቀምን መልሰን ስንጽፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ደረሰኝ ያልተገኘለት ዱቤ ግን በባለ ዕዳው ሕሊና ላይ ቀረ።

ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛ ስፋት 64 ጊጋባይት ስለሆነ፣ ለአንድ የንግድ ቤት ጽሕፈት ሥራ 256 ጊጋባይት ኤስ ኤስ ዲ ይበቃል ባይ ነኝ። በሳታ መስመር የሚገባው በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ኤን ቪ ኤም ኢ የሚባለው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ደረሰኝ ለሚጽፍና ኢሜይል ለሚልክ ሰው ልዩነቱ እምብዛም ስለማይሰማ፣ ለእርሱ ብሎ ብዙ ገንዘብ መጨመር አስፈላጊ አይመስለኝም። ሁለቱ ዓይነቶች በመልክ ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ ግን ማሽኑ የትኛውን እንደሚቀበል ሳይጠይቁ ገንዘብ መክፈል አይገባም። በካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎ ስለታየ ብቻ ፕሮግራሙ በሃርድ ዲስክ የተጫነበትን ኮምፒዩተር የምታስመጡ ወገኖችም ነገሩን ደግማችሁ ብታስቡበት መልካም ነው።

ኤስ ኤስ ዲ ነውር የለበትም ማለቴ አይደለም። ሃርድ ዲስክ ሊበላሽ ሲል ብዙ ጊዜ ድምፅ እያሰማ ያስጠነቅቃል፤ ኤስ ኤስ ዲ ግን ያለ አንዳች ምልክት ድንገት ሊሞት ይችላል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ለያዘው ስፋት ዋጋው የረከሰ ስለሆነ ለቅጂ ይስማማል። የእኛም አሮጌው ዲስክ መያዣ ሣጥን ተገዝቶለት በካዝና ውስጥ ተቀምጦአል፤ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ይወጣና የሳምንቱን ሒሳብ ቅጂ ተቀብሎ ይመለሳል።