ተራራውን ቀምቶ ቋንቋውን መጠበቅ አይቻልም

ዛሬ ፖለቲካችንን ለአንድ ቀን ላሳርፈውና ወደ ህንድ ልውሰዳችሁ። ፊልሙን ትታችሁ ነባሮቹን የጫካና የተራራ ሕዝቦች፣ አዲቫሲ የሚባሉትን አስቡ። ጥቂት እንዳይመስሏችሁ፤ በፈረንጆቹ 2011 ቆጠራ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

"ባህላቸው ይጠበቅ" የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ጭፈራውን ነው። መሬቱን ወስዶ ጭፈራውን ማስቀረት ለኔ ቀልድ ነው።

ኦዲሻ በሚባለው ግዛት ኒያምጊሪ የተባለ ተራራ አለ። ዶንግሪያ ኮንድ የሚባሉት ሕዝቦች አምላካቸው ኒያም ራጃ የሚኖረው እዚያ ነው፤ የአናቱን ደን አይነኩም። ምንጮቻቸውም የሚወርዱት ከዚያው ነው። ጣጣው ተራራው ለአሉሚኒየም የሚሆን ቦክሳይት መሸከሙ! ቬዳንታ የተባለው ኩባንያ ፋብሪካውን ከሥሩ ተክሎ ሊቆፍር ሲል ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ2013 "የመንደሩ ሰው ይጠየቅ" አለ። 12 መንደሮች ዳኛ ቁጭ ብሎ እየታዘበ ተሰበሰቡ። 12ቱም እንቢ አሉ። ቁፋሮው ቀረ።

ጎጃም ወይ ጎንደር ላደገ ሰው ይሄ ነገር እንግዳ አይደለም። ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ ዛፍ የተረፈው የቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይደል እንዴ?

ዶንግሪያዎቹ የዚያን ተራራ ዛፍና ምንጭ የሚጠሩት በራሳቸው ቋንቋ፣ በኩቪ ነው። ተራራው ተንዶ ቢሆን ልጆቻቸው ስሙን ምን እያዩ ይማሩት ነበር?

የአንዳማን ደሴቶችን ተመልከቱ። እንግሊዞች ከሰፈሩ በኋላ በሽታው ሕዝቡን ጨረሰው፣ መሬቱም ሄደ። በ2010 ቦአ የተባሉ አሮጊት ሲያርፉ ቦ የሚባለው ቋንቋ የመጨረሻ ተናጋሪውን አጣ። ለዓመታት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚያናግራቸው ሰው አልነበረም። እስቲ አስቡት።

ሳንታሎች ግን ታግለዋል። ፓንዲት ራጉናት ሙርሙ የሚባሉ መምህር በ1925 ኦል ቺኪ የተባለ ፊደል ቀረጹላቸው። እኛ ፊደል ወርሰን ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ይመልሱልናል፤ እሱን ሌላ ቀን። ሳንታሊ በ2003 ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። እዚያ ከሰፈሩት 22 ቋንቋዎች የአዲቫሲዎቹ እሱና ቦዶ ብቻ ናቸው። የሌሎቹ ልጆችስ?

"ታዲያ ደሃ ሆነው ይቅሩ ወይ?" የሚለኝ አይጠፋም። ማን ደሃ ይሁኑ አለ? ልጁ በቋንቋው ይማር፣ ተራራው ከመቆፈሩ በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ ነው የምለው። የ2006ቱ የደን መብት ሕግ ይሄንኑ ይላል፤ ኒያምጊሪ የዳነውም በሱ ነው። አዲስ ሕግ አውጡ አላልኩም፣ ያለውን በሌሎቹም ተራሮች ላይ ይሥሩበት።