ለአጫሾች በነፃ የታደለው ፕላስተር ምን ውጤት አስገኘ?

ሲጋራ ለመተው የሚፈልግ ሰው ማቆሚያ መድኃኒቱን በገንዘቡ ይግዛ ወይስ በነፃ ይታደለው የሚለው ጥያቄ በልዩ ልዩ አገሮች ሲያከራክር ቆይቷል። በነፃ የተገኘ ነገር አይከበርም፣ ተቀባዩ ወስዶ ጥግ ይጥለዋል የሚሉ ወገኖች አሉ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲታደል ይህንኑ የመሰለ ሙግት ሰምቶ ለሚያውቅ የገበሬ ማኅበር መሪ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በዚህ ረገድ ብዙ የሚያስተምረው በአሜሪካ የኒው ዮርክ ከተማ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የፈጸመው ዕደላ ነው። ከተማው አስቀድሞ በ2002 በአንድ ፓኮ ሲጋራ ላይ የሚያስከፍለውን ቀረጥ ከ8 ሳንቲም ወደ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ከፍ አድርጎ ነበር። በ2003 የጸደይ ወራትም በመጠጥ ቤቶች ጭምር ማጨስን ከለከለ። ወዲያውም በቀን 10 ሲጋራና ከዚያ በላይ የሚያጨሱ ነዋሪዎች በስልክ ሲመዘገቡ ለ6 ሳምንት የሚበቃ የኒኮቲን ፕላስተር በነፃ በፖስታ እንዲላክላቸው አደረገ። በዚህ አኳኋን ለ34,090 ሰዎች ሊላክ ችሏል።

ፕላስተሩ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። አጫሹን አስሮ የሚይዘው ኒኮቲን ሲሆን፣ ሳንባንና ልብን በይበልጥ የሚጎዱት ግን ከጢሱ ጋር የሚገቡት ሬንጅ መሰል ዝቃጭና መርዛም ጋዝ ናቸው። በክንድ ወይም በደረት ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ኒኮቲኑን ያለ ጢስ በቆዳ በኩል በዝግታ ያስገባል። መጠኑ በየጥቂት ሳምንቱ እየተቀነሰ ሲሄድ ሰውነት ይለምዳል። ማጨስ ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐሳብ መበታተን ይቀላል፤ አብዛኛው ሰው ተመልሶ ሲጋራ የሚለኩሰው በእነዚሁ ቀናት ነውና።

ከስድስት ወር በኋላ ፕላስተሩ ከደረሳቸው መካከል ተፈልገው ከተገኙት 33 በመቶ የሚሆኑት ማጨስ ማቆማቸውን ተናገሩ። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙም አያስረዳም፤ ያለ ፕላስተርስ ስንቱ ያቆም ነበር? መልሱ የተገኘው ባልታሰበ መንገድ ነው። በፖስታ አላላክ ስሕተት ምክንያት ተመዝግበው ፕላስተሩ ያልደረሳቸው ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ያቆሙት 6 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ማዳበሪያ ያልነካው የማነጻጸሪያ ማሳ ከጎን ሲኖር የማዳበሪያው ውጤት ቁልጭ ብሎ እንደሚታይ ሁሉ፣ የፖስታው ስሕተት ያላሰቡትን ማነጻጸሪያ አስገኘ። እርግጥ ነው፣ መረጃው የተሰበሰበው ከአጫሾቹ ከራሳቸው አንደበት ስለሆነ በመጠኑ ሊጋነን ይችላል። በሌሎች በርካታ ጥናቶች የታየው የፕላስተሩ ጥቅምም ከዚህ አነስ ያለ ነው፤ የማቆም ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል።

በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ዘገባ ሌላም ነገር ያሳያል። ተቀባዮቹ ፕላስተሩን ከወሰዱ በኋላ የምክር ስልክ ከተደወለላቸው 38 በመቶ ሲያቆሙ፣ ካልተደወለላቸው ያቆሙት 27 በመቶ ናቸው። እንግዲህ ዕደላው ብቻውን የሥራው ፍጻሜ አልነበረም ማለት ነው፤ ዘር ሰጥቶ ተመልሶ ማሳውን የማይጎበኝ ባለሙያ ግማሹን ሥራ ብቻ ነው የሠራው። በነፃ መሰጠቱ የጠቀመው ደግሞ አቅም ያላቸውን ብቻ አይደለም፤ ከተቀባዮቹ 64 በመቶ የሚሆኑት ነጭ ያልሆኑ፣ ከውጭ አገር የመጡ ወይም በድሃ ሰፈር የሚኖሩ ነበሩ። አንድ ተጨማሪ ሰው እንዲያቆም የወጣው ወጪ 464 ዶላር ተገምቷል።

በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ፕላስተርንና ማስቲካን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በቤት ውስጥ ባሉ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቦታዎች ማጨስንና ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። ክልከላው አዲስ አጫሽ እንዳይፈጠር ይረዳል፤ ሃያ ዓመት ያጨሰውን ሰው ግን ክልከላ ብቻውን ከሱሱ አያላቅቀውም።

በገጠር ደግሞ አንድ ራሱን የቻለ ችግር አለ። ኒው ዮርክ ላይ ፕላስተሩ የተሰጠው በቀን የሚጨሰው ሲጋራ ተቆጥሮ ነው። በደቡብ በበርካታ ቀበሌዎች ግን ትምባሆ የሚሳበው በጋያ ሲሆን፣ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር ማን ስንት እንደሳበ የሚቆጥር የለም። ስለሆነም መጠኑን የሚወስነው የጤና ባለሙያ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሰውየው ጠዋት ከተነሣ በኋላ ሳያጨስ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ግማሽ ሰዓት እንኳ መታገሥ የማይችል ከሆነ ሱሱ የጠና ነው።