ስለ መድኃኒት ማዘዣ አጻጻፍ

በወረኢሉ በአንድ የገበያ ቀን፥ አንዲት እናት የታመመ ሕፃኗን አዝላ ከሩቅ ገጠር በእግሯ መጣች። እኛም ሕፃኑን መርምረን «የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ፥ 5 ሚሊ ሊትር፥ በቀን 3 ጊዜ፥ ለ5 ቀን» የሚል ማዘዣ ጽፈን ሰጠናት። ጥቂት ቆይታ ወረቀቱን እንደያዘች ተመለሰች። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ማዘዣው ስላልተሟላ መድኃኒቱን ለመስጠት እንደማይችል ነግሮ ልኳት ነበር።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ተቆጣን። በውጭ አገር ተምረን በመምጣታችን፥ ጽሕፈታችን በሌላ ሰው ይታረማል ብለን አላሰብንም ነበርና። ነገሩን ስንመረምረው ግን ጥፋቱ የእኛው ሆኖ ተገኘ። ይህ ሽሮፕ ጥንካሬው እየተለያየ ይሠራል፤ በአንደኛው ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊ ግራም፥ በሌላው ግን 250 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይገኛል። እኛም የትኛው እንደሆነ አልጻፍንም። ባለሙያው በግምት ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ ሕፃኑ የሚገባውን ግማሽ ወይም እጥፉን ሊጠጣ ይችል ነበር።

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው፤ ያልተሟላ ወይም የማይነበብ ማዘዣ የሚመልስ ባለሙያ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ሕመምተኛውን በከንቱ የሚያመላልሰው ቸኩሎ የጻፈው ሰው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት የሚመጣውን ጉዳት ለመቀነስ በ2009 ዓ.ም. ለመላው ዓለም ጥሪ ያደረገው፥ እንዲህ ያለው ስሕተት በየአገሩ የሚደርስ በመሆኑ ነው። 0.5 መባል የሚገባው ዜሮው ቀርቶ .5 ተብሎ ቢጻፍ፥ ነጥቧ ካልታየች 5 ተብሎ ይነበባል፤ ይህም 10 እጥፍ ነው።

መምህራን ሆይ፥ ነጥብ ያሳሳተ ተማሪን እንደምታርሙት ሁሉ እኛንም በዝምታ አትለፉን። ከምርመራው ክፍል ሳትወጡ ማዘዣውን አንብቡ፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት። የሕመምተኛው ስምና ዕድሜ፥ ሕፃን ከሆነም ክብደቱ፥ የመድኃኒቱ ስምና ጥንካሬ፥ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው መጠን፥ በቀን ስንት ጊዜና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ ተጽፎ ካልተገኘ ጠይቁ። የሚጠይቅ ሰው ሐኪሙን ረዳው እንጂ አልናቀውም።

ያቺ እናት መድኃኒቱን ይዛ ወደ አገሯ ስትነሣ ጀምበር አዘቅዝቃ ነበር። እኛ ሳንጽፍ ያስቀረነው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር።