የወዳጅ ዝምታ ዋጋ

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። በመንግሥታት መካከል ግን ዝምታ የሚሸጥና የሚገዛ ሸቀጥ ይሆናል። «በሶማሊያው ዘመቻ አሜሪካ ኢትዮጵያን ላከቻት ወይስ ፈቀደችላት?» እያሉ ተማሪዎቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ሁለቱም አይመስለኝም። የሁለት መንግሥታት ጥቅም ገጠመ፤ ሒሳቡም በዝምታ ተወራረደ።

ኅዳር 1999 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት፣ አሜሪካ ያቀረበችውን ውሳኔ ቁጥር 1725 አጸደቀ። ውሳኔው ወደ ሶማሊያ በሚላከው ቀጣናዊ ኃይል የጎረቤት አገሮች ጦር እንዳይካተት የሚለውን ዕቅድ የተቀበለ ነበር። ወር ሳይሞላ፣ ታህሣሥ 19 ቀን፣ የኢትዮጵያና የሽግግር መንግሥቱ ወታደሮች ሞቃዲሾን ያዙ። ዋሽንግተን አልተቃወመችም፤ እንዲያውም ከቀናት በኋላ በደቡብ ሶማሊያ የራሷን የአየር ጥቃት ፈጸመች።

በዚያው ሰሞን በአገር ቤት የ1997ቱ ምርጫ ቁስል ገና አልሻረም ነበር። መስከረም 2000 ዓ.ም. የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ዕርዳታን ከሰብዓዊ መብት አያያዝ ጋር የሚያስተሳስር ረቂቅ ሕግ አሳለፈ። የቡሽ አስተዳደር ተቃወመው፤ በሴኔቱም ሳይጸድቅ ቀረ። በእኔ እምነት፣ ሞቃዲሾ የዘመተ ወዳጅ አዲስ አበባ ላይ እንዲገሠጽ አልተፈለገም።

የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት መሪዎች በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ ማወጃቸውን የሚያነሡ አንባቢዎች ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ሥጋቱ ፈጠራ አልነበረም። ይሁን እንጂ አንድን ፖሊሲ የምንመዝነው በመነሻው ብቻ ሳይሆን በመድረሻውም ነው። ጦራችን ለቅቆ በወጣበት በጥር 2001 ዓ.ም.፣ የዚያው ኅብረት መሪ የነበሩት ሼክ ሸሪፍ አህመድ ጂቡቲ ላይ የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ አልሸባብ ከኅብረቱ ክንፍነት ወደ ዋነኛ ታጣቂ ኃይልነት አደገ። በሰላም ድርድር የተገኘው ውጤት ይህ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ደም ለምን ፈሰሰ? ብሎ መጠየቅ የአገር ክህደት ሊሆን አይገባም።

ወዳጅነት በወታደር አገልግሎት ብቻ ሲለካ ሁለቱም ወገኖች ይጎዳሉ። ኃያሉ አገር የመምከር አንደበቱን ያጣል፤ ትንሹ አገር ደግሞ ከራሱ ሕዝብ ይልቅ ለባዕድ ተጠያቂ መሆንን ይለምዳል። ኅዳር 1999 ዓ.ም. ፓርላማችን ለመንግሥት ፈቃድ ሰጥቷል፤ ከፈቃዱ ጋር ግን የግቡን ልክ፣ የመውጫውን ጊዜና የወደቁትን ልጆቻችንን ቁጥር የመጠየቅ ግዴታ ነበረበት። ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው ያሉት አበው፣ ወዳጅም የሚያልቅበት ቀን እንዳለ ሲያስጠነቅቁን ነው። ያን ቀን የሚቀርልን የገዛ ሕዝባችን አመኔታ ብቻ ነው።