የነጋዴው እርዳታ በገንዘብ ብቻ አይወሰን
ስለ ተማሪዎች የሮቦት ውድድር የቀረበ አሳብ

የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ለትምህርት ቤት እርዳታ በተጠየቀ ጊዜ ገንዘብ ማዋጣት ልማዱ ነው፤ ይህም የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን የማይፈጽመው ሥራ አለ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሮቦት ውድድር ከዚህ ወገን ነው።

ሮቦት በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ራሱ እየተንቀሳቀሰ ሥራ የሚያከናውን መሣሪያ ነው። በአሜሪካ ፈርስት የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989 በዲን ኬመን ተመሥርቶ፣ በ1992 የመጀመሪያውን ውድድር በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ በ28 ቡድኖች መካከል አደረገ። ዛሬ ውድድሩ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። በየስፍራው ሥራውን የሚሸከሙት ግን በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ከማኅበሩ ውድድሮች አንዱ በሆነው በፈርስት ቴክ ቻሌንጅ አንድ ግጥሚያ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። በመጀመሪያው 30 ሰከንድ ሮቦቱ ያለ ሰው እጅ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ይነዱታል። ሲጀምርም በየጎኑ ከ46 ሳንቲ ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ መጠኑን የሚለካ፣ ቡድኖችን የሚመዘግብ፣ ተራ የሚያስጠብቅ፣ ነጥብ የሚይዝ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር የሚያድል ሰው ያስፈልጋል።

መለካት፣ መመዝገብ፣ ሰዓት ማክበር፣ ሒሳብ ማመሳከር የንግድ ቤት የዘወትር ተግባር ነው። ለብዙ ዓመታት መዝገብ ይዤ የኖርሁ የነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ፣ የመጣውን ዕቃ ከደረሰኙ ጋር የሚያስተያይ ሠራተኛ ጥቂት ሥልጠና ቢሰጠው ነጥብ ለመያዝ እንደማያንስ አምናለሁ።

«ሠራተኛዬ አንድ ቀን ቢውል ለሱቄ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። የጎጃም ገበሬ ወደ ጎረቤቱ ደቦ ሲወጣ የነገውን የራሱን አጨዳ ያስባል። እኛም ማሽን ሲበላሽብን ባለሙያ ፍለጋ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ የምናማትርበት ጊዜ አለ። ዛሬ ሽቦና ሞተር የሚያገጣጥመው ልጅ ነገ ያንን ድካም ያስቀርልን ይሆናል፤ ይህም የሚሆነው ከተማው እንደሚፈልገው አስቀድሞ ያወቀ እንደ ሆነ ነው።

ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄዎች ያሻሉ። ሽልማት የሰጠ ነጋዴ ዳኛ አይሁን፤ ልጁ የሚወዳደርበት አባትም የልጁን ነጥብ አይያዝ። ሚዛኑ የተጠረጠረ ገበያ ደንበኛ እንደሚያጣ ሁላችንም እናውቃለን። ተማሪም ፍርዱ የተዛባ ከመሰለው ሁለተኛ አይመለስም።

ስለዚህ ምክር ቤቱ አንድ መዝገብ ቢከፍት መልካም ነው። እያንዳንዱ ንግድ ቤት በዓመት ለአንድ ቀን አንድ ሠራተኛ፣ ደመወዙ ሳይቆረጥበት፣ ለማሰማራት ስሙን ያስመዝግብ። ዝርዝሩም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ለመሳሰሉ ትምህርት ቤቶቻችንና ለዩኒቨርሲቲው ይሰጥ፤ የውድድሩ ቀንም ከገበያ ቀን ጋር እንዳይጋጭ በምክክር ይወሰን። የተከበሩ የምክር ቤቱ አባላት ጉዳዩን በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይመለከቱት ዘንድ በአክብሮት አሳስባለሁ።