ተመልካች የሌለው ኳስ ልምምድ ነው

ቅዳሜ ከሰዓት ሎጊያ ውስጥ እኛን ለማግኘት ስልክ መደወል አያስፈልግም። ዲኤስቲቪ ቤት ነን። የፊተኛው አግዳሚ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ነው፤ መኪናቸውን አስፋልት ዳር ደርድረው፣ ሽርጣቸውን አገልድመው ይቀመጣሉ። መሃሉ የረዳቶችና የባጃጅ ልጆች ነው። እኛ ሴቶቹ በሩ ጋ ነን፤ የውጪው ትኩስ ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው። ማንቼ ሲገባበት ግማሹ ቤት ይጨፍራል፣ ግማሹ ራሱን ይይዛል። የአርሴናል ተከላካይ የትኛው ጉልበቱ እንደሚያመው ሁሉ እናውቃለን። የሀዋሳ ከተማን በረኛ ስም ጠይቁን እስቲ! ዝም።

ይሄን ጊዜ ታላላቆቻችን ይነሱብናል። «የዘንድሮ ወጣት የሀገሩን ኳስ ንቆ የፈረንጅ ያያል» ይሉናል። ቆይ እንጂ! የሀገራችንን ኳስ የት ሄደን እንየው? ሎጊያ ላይ ፕሪሚየር ሊግ አይተን አናውቅም። ክለብ ያላቸው ከተሞችስ ምን አተረፉ? ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ ክለቦቹን ጠቅልሎ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሲካሄድ ኖረ። በዚያው በ2013 ዋንጫውን ፋሲል ከነማ ወሰደ። በዚያ ዓመት ሊጉ አዲስ አበባን፣ ጅማን፣ ባሕር ዳርን፣ ድሬዳዋንና ሐዋሳን ሲያዳርስ ጎንደር አልደረሰም። የጎንደር ልጅ ክለቡ የሀገር ሻምፒዮን የሆነበትን የውድድር ዘመን እንደ እኛው በቴሌቪዥን አሳለፈው ማለት ነው። ጎንደሬውንም ሎጊያ አደረጉት!

«በቴሌቪዥን አየኸው አይደል? ምን ልዩነት አለው?» የሚል አይጠፋም። ልዩነቱን ሄደን አይተነዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሊጉ አዳማ በነበረበት ሰሞን ሦስት ሆነን ከሎጊያ ተነሳን። ሚሌን፣ ገዋኔን፣ አዋሽን፣ መተሐራን አልፈን፣ ቀኑን ሙሉ ተጉዘን ገባን። በማግስቱ ስታዲየም በር ላይ የቆመው ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየንና «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አለን። «ኳስ» አልነው። ሳቀ። ለወንዶቹ ያልጠየቀውን እኛን መጠየቁ አናደደን፤ ግን ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው በር ላይ ልንጣላ አልነበረምና ገባን።

ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ለምን አይሆን? ሁለቱም ክለቦች የከተማዋ አይደሉም፤ የአዳማ ሰው ለማን ብሎ ይምጣ? አንድ ጥግ ላይ ከሩቅ የመጡ አሥር የማይሞሉ ደጋፊዎች ከበሮ ይመታሉ። አሰልጣኙ «ዝጋው! ዝጋው!» ሲል ላይኛው መቀመጫ ድረስ ይሰማል። ተጫዋቾቹ በስም ሲጠራሩ፣ ኳሷ ስትመታ «ጧ» የምትለው ሳትቀር ትሰማለች። ጎል ገባ። ያገባው ልጅ ሊጨፍር ወደ መቀመጫው ሮጠ፤ ሲደርስ ሰው የለም። ቆም አለና ተመለሰ። ያቺን ቅጽበት እስካሁን አልረሳናትም። ልጁ በሕይወቱ ትልቁን ነገር ሠርቶ የሚነግረው ሰው አጣ።

ያም ሆኖ በዚያች ቀን ያየነውን ዲኤስቲቪ ቤት አይተነው አናውቅም። ኳሷ ወዲያኛው ግብ ክልል ሳለች የቀኝ ተመላላሹ ምን እንደሚሠራ ካሜራው አያሳይም። እኛ አየነው፤ እጁን እያወናጨፈ መስመሩን ያስተካክላል፣ ሁለት እርምጃ ወደፊት ይላል፣ ይመለሳል። አጠገባችን ቆሎ የሚቆረጥሙ አዛውንት ነበሩ። «ልጆቼ፣ ቴሌቪዥን ኳሷን ነው የሚያሳያችሁ፤ ጨዋታውን ለማየት እዚህ መምጣት ነው» አሉን። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ስንማር ስለ ካሜራ እንዲህ ያስረዳን የለም።

ስታዲየም ማለት ሰው ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ያቆመው ሲሚንቶ ብቻ አይደለም፤ ካታንጋና ሚስማር ተራ ናቸው። ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ያነሳው በገዛ ሕዝቡ ፊት ነው። ከ60 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ዋልያዎቹ ያችኑ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። ዳዋ ሆቴሳ አገባ፣ ሽመልስ በቀለ ደገመ። የት? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! የካፍን መስፈርት የሚያሟላ አንድ ስታዲየም አጥተን «የሜዳችንን» ጨዋታ ሰው ሀገር ተጫወትን። እኛ ሎጊያ ላይ ወንበር እየገለበጥን ጨፈርን፤ ከተጫዋቾቹ ግን አንዱም አልሰማንም።

የሚሰጡንን መልሶች እናውቃቸዋለን። አንደኛው ገንዘብ ነው። በ2013 የተጀመረው የዲኤስቲቪ ስርጭት ለአምስት ዓመት 22 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር የተባለለት ነው። ጥሩ፣ ይከፈል! ግን ያ ገንዘብ የተመልካቹን ወንበር እንዲተካ ማን ፈቀደ? የእንግሊዝ ሊግ በቴሌቪዥን የሚያምረው ስታዲየሙ ስለሚያብድ ነው። ባዶ ወንበር እያሳዩ ማንን ሊያጓጉ ነው?

ሁለተኛው ጸጥታ ነው። እውነት ነው፣ አንክድም። በ2010 እና በ2011 ስታዲየሞቻችን የድንጋይና የብሔር ስድብ መወራወሪያ ሆነው ነበር። ግን ድንጋይ የወረወረውን ለይቶ መቅጣት አንድ ነገር ነው፤ ሕዝቡን በሙሉ ቤቱ ማስቀመጥ ሌላ። ደግሞስ የሌላውን ከተማ ሰው ካላየሁት እንዴት ልልመደው? እንግዳ ቡድን ሲመጣ ሆቴሉ፣ ሻይ ቤቱ፣ ባጃጁ ይሠራል፤ ሰው ከሰው ይተዋወቃል። ይሄንን ያፈረሰ ሰላም፣ ሰላም ነው ወይ?

ሦስተኛው ለእኛ ለሎጊያዎች የተቀመጠ ነው። «ሩቅ ነው፣ ይሞቃል።» ኅዳር 2010 ላይ ሰመራ 12ኛውን የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ስታስተናግድ ርቀቱም ሙቀቱም በዓሉን አላስቀረውም። ለጭፈራ የሚመጣ ለኳስ የማይመጣበትን ምክንያት ያስረዱን። ሰኔ ላይ ኑ አላልንም፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ የእኛም አየር ለሰው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ክለቦች በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጪ ወደሚጫወቱበት ሥርዓት ይመለሱ። እስከዚያ ሊጉ መዞሩ ካልቀረ፣ አንድ ዙር ወደዚህም ይዙር። በሩ ላይ የሚቆመውም ሰው ሴት ልጅ ስታዲየም የምትመጣው ሰው ፍለጋ አለመሆኑን ይወቅ።

እኛም ራሳችንን ነፃ አናወጣም። እዚሁ አስፋልቱ ማዶ አቧራው ላይ የሰፈር ልጆች በየማለዳው ይጫወታሉ፤ ቆመን አይተናቸው አናውቅም። የፊታችን እሑድ ፀሐይ ሳትበረታ እንሄዳለን። ጎል ያገባው ልጅ ዞር ሲል ሰው ያያል።